የኦርቪል ርካሽ ጥይት

ኦርቪል ቤተንኮርት ዳክዬ ሲስት ጥፋቱ የእሱ ሆኖ አያውቅም። ነፋሱ ነው፣ ፀሐይዋ ነች፣ ዳክዬዋ ራሷ ተንኮለኛ ነች። ባለፈው ዓመት ግን የአደኑ ወቅት ሊያበቃ ሲል ቀኑን ሙሉ ሲተኩስ ውሎ፣ ሰማዩን እንደ ወንፊት በሳስቶ፣ አንዲት ላባ እንኳ ሳያወርድ ቀረ። ነፋስ አልነበረም፤ ፀሐይም አልወጣችም። ስለዚህ በጥይቱ አላከከ። በቀጥታ ወደ ሉሲንዳ ፋጉንዴስ ሱቅ ነዳና ሰው በተሰበሰበበት «እርጥብ ጥይት ሸጥሽልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ሉሲንዳ አበልጁ ነች፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳችው እሷ ነች። ከካሊፎርኒያዋ ሎስ ባኖስ ከተማ ወጣ ብሎ በቦዩ ዳር ባለችው ሱቋ መንጠቆ፣ የጎማ ጫማና የአደን ጥይት ትሸጣለች። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደችና፣

«ጥይቱስ ደህና ነው አበልጄ፤ ብልሽቱ ከሰደፉ በስተጀርባ ነው» አለችው።

የዚያን ቀን የተሳቀው ሳቅ እስከ ፓቼኮ ተራራ ድረስ ተሰምቷል። የኦርቪል ሦስት መቶ ላሞች፣ እሱ ሲያወራ ሦስት ሺህ ይሆናሉ፣ በድንጋጤ ለሁለት ቀን ወተት ከልክለዋል። ኦርቪል ፊቱ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቶ፣ «ካሁን በኋላ ከዚህ ሱቅ አንዲት ፍሬ ጥይት ብገዛ ኦርቪል አትበሉኝ!» ብሎ በሩን አጋጭቶ ወጣ። በሩ ዛሬም ድረስ በደንብ አይገጥምም።

በጋው አልፎ መስከረም ሲገባ የዳክዬ አዳኞቹ ማኅበር አባላት መጋዘናቸው ውስጥ ተሰብስበው ለመደበቂያ ጎጆዎቹ ደንገል ያስራሉ። ኦርቪል ደንገሉን ጥሎ ተነሳ።

«ስሙኝ ወንዶች! ሉሲንዳ አንዱን ካርቶን በሁለት መቶ ዶላር ትሸጥልናለች። እኔ በኢንተርኔት መቶ ሃምሳ አግኝቻለሁ! መቶ ሃምሳ! እስከ ዛሬ ለዚያች ሴትዮ በከፈልነው ትርፍ ቤተ መንግሥት ይሠራ ነበር፤ ከነመዋኛው!»

የሚስቱ ወንድም ዴልፊም አቪላ ቀና አለ። ዴልፊም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ትንሽ ይናገራል፣ የተናገረው ግን እንደ እሾህ ነው።

«ኢንተርኔቱ የሚልህ መቶ ሃምሳ ነው። እጅህ እስኪገባ ስንት እንደሚሆን ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ!»

«ትወራረዳለህ?»

በዚያ ማኅበር ውርርድ ቀልድ አይደለም። የተረታ ሰው በመክፈቻው ቀን ውሻ ይሆናል። ጠመንጃ አይነካም። እስከ ደረቱ የሚደርስ ጎማ ሱሪ ታጥቆ፣ ከንጋት እስከ ቀትር እየጮኸ ውሃ ይገባል፤ ሌሎቹ የጣሉትን ዳክዬ ይሰበስባል። ፉጨት ሲሰማ ይመጣል፣ «ተቀመጥ» ሲሉት ይቀመጣል። ኦርቪል በሕይወቱ ውሻ ሆኖ አያውቅም፤ ከሚኮራባቸው አንድ ሺህ ነገሮችም ይህኛው አንደኛ ነው።

«እወራረዳለሁ! ጥይቱ እጄ እስኪገባ ያወጣሁት ሁሉ ተደምሮ ከሉሲንዳ ዋጋ ካለፈ ውሻችሁ ነኝ። ካላለፈ ግን አንተ ትጮሃለህ፤ ማኅበሩም በሙሉ ካሁን በኋላ ከኢንተርኔት ይገዛል!»

«እስከዚያ ማንም አይግዛ፤ የኦርቪልን እንይ» አሉ ሌሎቹ። ሰው ርካሽ ነገር ይወዳል።

ዴልፊም ደንገሉን እያሰረ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አማቼ፣ ሉሲንዳ ጥይት ካልሸጠች መንጠቆ ብቻውን ኪራይ አይከፍልላትም እኮ። ሱቁ ከተዘጋ የት ቁጭ ብለህ ልታወራ ነው?»

«እኔ? እኔ የማወራበት ቦታ አጥቼ! ስታዲየም እከራያለሁ!»

በማግስቱ ኦርቪል ላሞቹ እየታለቡ እሱ ስልኩን ይነካካል። ካርቶኑን መረጠ፤ መቶ ሃምሳ። ማጓጓዣ ሃያ አምስት ተጨመረ። «ይጨመር! አሁንም ሃያ አምስት አትርፌያለሁ» አለና ለአጠገቡ ላም አስረዳት። ከዚያ ስልኩ ረጅም ረጅም ጽሑፍ ያወጣ ጀመር። ኦርቪል ረጅም ጽሑፍ አንብቦ አያውቅም። እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ በአቅራቢያዎ ያለ ነጋዴ፣ አዎ፣ እስማማለሁ። የላሞቹ መድኃኒት እንደሚመጣው ፖስተኛው በራፉ ላይ ጥሎለት የሚሄድ መስሎታል።

ሳምንት ሳይሞላ መልእክት መጣ። ኦርቪል አነበበው። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ወንበሩ ላይ እንደ ባዶ ጆንያ ተዘረፈጠ።

«ምን ሆንክ? ሰው ሞተ?» አለች ሚስቱ ፊሎሜና፣ ቋሊማ እየጠበሰች።

«ጥይቴ ደርሷል።»

«ታዲያ ደስ አይልህም?»

«የደረሰው ሉሲንዳ ጋ ነው!»

ፊሎሜና ሹካውን ጣለች። ካሊፎርኒያ ውስጥ በኢንተርኔት የተገዛ ጥይት ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ካልሆነ ሰው እጅ አይገባም፤ በዚያ አካባቢ ደግሞ ፈቃድ ያላት ሉሲንዳ ብቻ ነች። ይህን የማያውቅ አዳኝ በመላው ሸለቆ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ዕድሜ ልኩን ከሉሲንዳ መደርደሪያ እያነሳ ስለኖረ ነው። ፊሎሜና እስክታለቅስ ሳቀች፤ ቋሊማው አረረ።

«አንቺ ሄደሽ አምጪልኝ። አበልጅሽ አይደለችም?»

«መልእክቱ ግርጌ ላይ የገዛው ሰው ራሱ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ ይላል። እስከ ታች አላነበብከውም?»

እስከ ታች አላነበበውም።

አንድ ሳምንት አለፈ። በየቀኑ በሱቁ ፊት ለፊት በመኪናው ያልፋል፤ ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ደፍቶ። ያንን መኪና፣ ጎኑ ላይ የላም ሥዕል ያለበትን፣ የማያውቅ ሕፃን እንኳ በአካባቢው የለም። ሉሲንዳ ከውስጥ እጇን ታውለበልብለታለች። ማታ ማታ ደግሞ መልእክት ትልካለች፦ «አበልጄ፣ ካርቶንህን ናፍቀኸዋል። አይበላም አይጠጣም።» ቀጥሎ፦ «ከነገ ጀምሮ የማከማቻ ይከፍላል። ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ ለሁሉም ሰው እኩል ነው።» ኦርቪል ግን ኩራቱ ከመኪናው ይከብዳል። የማከማቻው ሒሳብ በየቀኑ እያደገ፣ የዳክዬው ወቅት ሊከፈት አንድ ቀን ቀረው። ያን ጊዜ ሌላ መንገድ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ፊቱን ተላጭቶ፣ የእሑድ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጦር ሜዳ እንደሚገባ ጄኔራል ደረቱን ነፍቶ ገባ።

ሱቁ ባዶ ነበር። ሌላ ጊዜ በመክፈቻው ዋዜማ እግር የሚጣልበት አይገኝም። በምድጃው አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ አዛውንቶች ተደራርበው፣ ኦርቪል መሀል ተቀምጦ፣ በጥላዋ መጋዘኑን ስለሸፈነችው ዳክዬ ያወራ ነበር። ሉሲንዳ ያንን ወሬ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ግን ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ከባንኮኒው ሆና «ከዚያስ?» ትለዋለች። ዳክዬዋም «ከዚያስ?» በተባለ ቁጥር ትንሽ ትወፍራለች።

«እንኳን ደህና መጣህ አበልጄ» አለች ሉሲንዳ። «መታወቂያህን አምጣ እስቲ፤ ማን እንደሆንክ ላረጋግጥ።»

«ማን እንደሆንኩማ አገር ያውቀዋል!»

«አገር ያውቃል፤ ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም።»

ኮምፒውተሩ እያሰበ ሳለ ኦርቪል ዓይኑን አዟዟረ። የጥይት መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው። የቀሩት ካርቶኖች በር አጠገብ ተደርድረው በገመድ ታስረዋል። አግዳሚው ላይ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለአከፋፋዩ ልመልሳቸው ነው። የማኅበሩ ሰዎች ያንተን ውጤት እየጠበቁ ነው፤ በዚህ ወር አንድም ሰው ከኔ አልገዛም። ብታሸንፍ ሁሉም በኢንተርኔት ነው አሉ። ይሁና። ሁሉም በኔ በኩል ይመጣል፤ ካርቶን እያቀበልኩ ግን ኪራይ አልከፍልም። ፊት ለፊት ያለችው ልጅ ጥፍር መሥሪያ ልታደርገው ትፈልጋለች።»

«አግዳሚውስ?»

«ጥፍር የሚያሠራ ሰው አግዳሚ ምን ያደርግለታል?»

ኦርቪል ጥፍር በሚሠራበት ቤት ስለ ዳክዬ ሲያወራ ታየው።

ኮምፒውተሩ ጮኸ፤ ኦርቪል ንጹሕ ሰው መሆኑ ተረጋገጠ። ሉሲንዳ እስክሪብቶዋን አነሳች። «የመንግሥት ማጣሪያና የኔ አገልግሎት አንድ ላይ አስራ አንድ ዶላር። ማከማቻው አስራ ስምንት።»

ኦርቪል ላሞች ሲቆጥር እንጂ ዶላር ሲደምር ጎበዝ አይደለም፤ ይህንን ግን በቅጽበት ደመረው። ሁለት መቶ አራት። በአራት ዶላር ውሻ ሆነ! በአንድ ቋሊማ በዳቦ ዋጋ!

ሉሲንዳ ፊቱን አየችና መነጽሯን አወረደች። «ማከማቻውን ልተውልህ።»

«ምን?»

«ልተወው። የልጅህ ክርስትና እናት ነኝ። ማከማቻው ከቀረ አስራ አራት ዶላር ታተርፋለህ። ታሸንፋለህ፤ ዴልፊም ይጮሃል። ባለፈው ዓመት ደግሞ በሰው ፊት እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም።»

የኦርቪል ድል ባንኮኒው ላይ ነው፤ እጁን ብቻ መዘርጋት ነው። በር አጠገብ የታሰሩትን ካርቶኖች አየ። አግዳሚውን አየ። ከዚያ ደረቱን ነፋና ባንኮኒውን በጡጫ መታው።

«ቤተንኮርት ምጽዋት አይቀበልም!»

«ምን አልከኝ?»

«አያቴ ከአሶረስ ደሴቶች በጀልባ ሲመጣ ለማዕበሉ ራሱ ኪራይ ከፍሎ ነው የመጣው! ግድግዳው ላይ ተጽፎ የለ? ለሁሉም እኩል ነው አላልሽም? ማከማቻ አስራ ስምንት ብለሽ ጻፊ! እንዲያውም ትልቅ አድርገሽ ጻፊው፣ ዴልፊም መነጽሩን ይረሳል!»

ሉሲንዳ ደረሰኙን ጻፈች፤ ቁጥሩን እንደተባለችው ትልቅ አድርጋ። ካርቶኑን ስታቀብለው ከማሰሮ አንድ የውሻ ብስኩት አወጣችና ላዩ ላይ አስቀመጠችለት።

«ለነገ» አለችው።

በማግስቱ ንጋት ላይ ጉሙ ደንገሉን ሸፍኖታል። ዴልፊም ደረሰኙን በባትሪ እያበራ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ሁለት መቶ አራት» ሲል ከረግረጉ ማዶ ያሉ ዝይዎች ሁሉ ተነሱ። ከአሥራ ሁለት ሰው አንድም ሳይስቅ የቀረ የለም። ኦርቪል ጠመንጃውን ለዴልፊም አስረክቦ ጎማ ሱሪውን ታጠቀ።

«እሺ፣ ሳቁ! ግን ልንገራችሁ፤ ይህ ማኅበር እንደኔ ያለ ውሻ አይቶ አያውቅም!»

እውነትም አላየም። ሲጮህ የሰፈሩ እውነተኛ ውሾች መለሱለት። ውሃው እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ እሱ እስከ ብብቱ ገብቶ፣ ሌላው ሰው የማያያትን ዳክዬ ከደንገሉ ሥር ፈልቅቆ ያወጣል። ዴልፊም ሲያፏጭለት ሮጦ ይመጣል፣ እላዩ ላይ ውሃ ያራግፍበታል።

«አማቼ፣ ተቀመጥ!»

«ዉፍ!»

«ጎበዝ ውሻ! የሚነክስ ነው?»

«አማቾቹን ብቻ!»

ቀትር ላይ ሁሉም ተጠራርገው ወደ ሉሲንዳ ሱቅ ነዱ፤ ከአምና የተረፈችውን ጥይት ጠዋት ጨርሰዋታል፤ ለቀረው ወቅት የያዘ አልነበረማ። በር አጠገብ የታሰሩት ካርቶኖች ገመዳቸው ተፈታና አንድ በአንድ ሄዱ። «የሚሸጥ» የሚለውን ወረቀት ማን እንደቀደደው አይታወቅም፤ ኦርቪል ግን ሲነሳ መቀመጫው ላይ ተጣብቆ ታይቷል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኦርቪል ያንን ርካሽ ጥይቱን ይዞ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ተኮሰ። ሰማዩ እንደገና ወንፊት ሆነ። አንዲት ላባ አልወረደችም። ጎማ ሱሪው እየተንጠባጠበ ወደ ሱቁ ገባና በሩን አጋጨው።

«ኢንተርኔቱ እርጥብ ጥይት ልኮልኛል!»

አግዳሚው ሙሉ ነበር። ሉሲንዳ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች።

«አንድ ፓኮ ከኔ ልስጥህ?» አለች።

«ሁለት አድርጊው። ደረቅ ደረቁን።» ከዚያ አዛውንቶቹን ገፋ ገፋ አድርጎ መሀል ተቀመጠ፤ ውሃው ወለሉ ላይ ኩሬ ሠራ። «ያን ዕለት ውሻ ሆኜ ሰባ ዳክዬ እንዳመጣሁ ነግሬያችኋለሁ?»

«ሰባት ነው» አለ ዴልፊም።

«ሰባ! አንዷማ አህያ ታህላለች። በጥርሴ ይዣት ስዋኝ፣ ቦዩ ሞልቶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ...»

ሉሲንዳ ጥይቱን እየጠቀለለች ቀና አለች።

«ከዚያስ?» አለችው።