ማንም ያልጨመረው ዘይት

ሰኞ ጠዋት አማቴ ከቁርስ ገበታ ተነሥተው ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ግፊት ወርዷል» ሲሉ አወጁ።

አማቴ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው መሬት ላይ ችካል ሲተክሉ ስለኖሩ ተራ ነገር መናገር አይሆንላቸውም፤ ጨው አቀብሉኝ ሲሉ እንኳ ድንበር የሚያካልሉ ይመስላሉ። በሌሉበት «ሊቀመንበሩ» እንላቸዋለን። ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ደስ ሳይላቸውም አልቀረም።

ባለቤቴ ፋርማሲስት ናት። «ግፊት» የሚለውን ቃል ስትሰማ ዳቦዋን ጥላ ሮጠች። የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ተመልሳ፣ አባቷ ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሳይጀምሩ ክንዳቸውን ጠቅልላ መንፋት ጀመረች።

«መቶ ሠላሳ በሰማንያ። አባዬ፣ ምንም አልወረደም እኮ!»

«የእኔን ማን አነሣ? የመኪናዋን ነው የምለው። የዘይት ግፊት! ትናንት መታጠፊያው ላይ ቆም ስል ቀይዋ የዘይት መብራት ቦግ አለች።»

«እሰይ!» አሉ እትዬ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ። «ይቺ የብረት ክምር ራሷ ልሂድ አለች። ተገላገልን።»

መኪናዋ ከባለቤቴ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ በቤቱም ውስጥ የምትታየው እንደ ታላቅ ልጅ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሽፋኑ የተገነጠለ የመኪና ጥገና መጽሐፍ እስከ ግማሽ ድረስ አንብቤያለሁ። ስለዚህ «ሞተር» በተባለ ቁጥር ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል።

«ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል» አልኩ። ይቺ መልስ እስከ ዛሬ አሳፍራኝ አታውቅም።

ሊቀመንበሩ ውሳኔ ሰጡ። «ስሜት ቦታ የለውም። ቅዳሜ መካኒክ መጥቶ ይለካል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ የመለኪያው መርፌ ከአንድ በታች ካሳየ ሞተሩ አልቆለታል፤ ብረት ለሚሰበስበው ሰውዬ ት...» እዚህ ላይ ሳል ያዛቸው። «...ትሰጣለች። እስከዚያ ማንም እንዳይነካት። አንድ ጣት እንዳያርፍባት!»

ቁልፏን ከሚስማር ላይ ሰቅለው፣ ለራሳቸውም የተከለከለ መሆኑን ለማሳየት እጃቸውን አራገፉ።

ሳምንቱን ሁላችንም በሚገባ ተወጣነው። እትዬ በልብስ መለኪያ ሜትራቸው ጋራዡን ከጫፍ ጫፍ ለክተው፣ «የመቁረጫ ጠረጴዛዬ እዚህ ይቆማል» አሉ። ባለቤቴ በአውቶቡስ መሄድ ለጤና ያለውን ጥቅም ዘረዘረች። እኔ ገለልተኛ መሆኔን አሳወቅሁ። ሊቀመንበሩ ደግሞ «መኪናዋ» የሚል ቃል ሲሰሙ፣ «የትኛዋ?» ይሉ ጀመር።

አንድ ነገር ብቻ ታዘብኩ። በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ሰው እጁን በሳሙና አብዝቶ ይታጠብ ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ እኔም ወረፋ ውስጥ ነበርኩ።

ቅዳሜ መካኒኩ መጣ። አጠር ያለ፣ ለወሬ የማይቸኩል ሰው ነው። የሞተሩን ክዳን ከፈተ፤ የዘይት መለኪያ ዘንጓን መዘዘ፤ አየት አደረገ። በጨርቅ ጠርጎ እንደገና ነከረና እንደገና መዘዘ። ከዚያ አራታችንንም በየተራ ተመለከተን።

«ዘይት የጨመረ አለ?»

«ማንም አልነካትም» አሉ ሊቀመንበሩ። «መመሪያ ነበር።»

«ምን ቆርጦን!» አሉ እትዬ።

«እኔ ክዳኑ በየት በኩል እንደሚከፈትም አላውቅ» አለች ባለቤቴ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

እኔ ቀና ብዬ የጋራዡን ጣሪያ ሳጠና ነበር። «ይሄ ቆርቆሮ መጠገን ይኖርበታል» አልኩ።

«እንግዲያው አርግዛለች» አለ መካኒኩ። «ከምልክቱ በላይ ስንት ጣት እንደሄደ አያችሁ? ዘይት ሲያንስ ብቻ ሳይሆን ሲበዛም ግፊት ይወርዳል። ውስጥ የሚሽከረከረው ብረት ዘይቱን እንደ እንቁላል ይመታዋል፤ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ምንም አይገፋም። እንዲህ ሆና አስነሥታችኋት ቢሆን ኖሮ...» ሳይጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

ሊቀመንበሩ የመፍቻ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አሉ።

መካኒኩ ሥሯ ገብቶ ትርፉን ዘይት ሳፋ ውስጥ አፈሰሰ። ቀጥሎ ከሞተሩ ጎን አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ፈታ፤ ለቀይዋ መብራት ወሬ የምታቀብለው እሷ ናት። በቦታዋ ቱቦ ያለው ክብ መለኪያ አሰረና ሞተሩን አስነሣ።

«ትሙቅ» አለ። «እውነቷን የምትናገረው ስትሞቅ ነው።»

ጠበቅን። ሲሞቅ መርፌው መውረድ ጀመረ። አራት። ሦስት። ሁለት ተኩል። እትዬ ሜትራቸውን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት፣ ፈቱት፣ ጠመጠሙት። ሁለት። ከሁለት በታች። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቁሚ! ቁሚ አንቺ!» ብለው ጮኹ እትዬ። ዞር ብለን ስናያቸው፣ «መርፌዋን ነው» አሉ። «ታዞረኛለች።»

አንድ ተኩል ላይ ቆመች። አምስት ደቂቃ ጠበቅን፤ ንቅንቅ አላለችም።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ መካኒኩ። ያቺን የፈታትን ዕቃ በሁለት ጣቱ አንሥቶ አሳየን፤ ሆዷ ዘይት ገብቶበት ረጥቧል። «ውሸታሟ ይቺ ናት።» በኪሱ ይዟት የመጣውን አዲስ አሰረላት። ቀይዋ መብራት ከዚያ በኋላ ዝም አለች።

«መለኪያው ተናግሯል» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ፊታቸውን ለማኮሳተር እየታገሉ። «ውጤቱን ያለ ስሜት እቀበላለሁ።» ይህን ሲሉ የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፋቸው እየዳበሱ ነበር።

«ምን ይደረጋል» አሉ እትዬ። «ተፈርዶብናል።»

መካኒኩ ወደ ሳፋው ጠቆመ። «ይሄ ዘይት ገና ንጹሕ ነው፤ ብትደፉት ያሳዝናል። ሲጎድልባት በልክ ትጨምሩላታላችሁ። በሉ ባዶ ዕቃ አምጡልኝ፤ ሳፋዬን ይዤ ልሂድ።»

ደስታ ሰውን ያዘናጋል። አራታችንም በአንድ ጊዜ ተበተንን። እትዬ ወደ ቁርጥራጭ ጨርቅ ቅርጫታቸው፣ ባለቤቴ ወደ መድኃኒት ሣጥኗ፣ ሊቀመንበሩ ካርታዎቻቸው ወደሚቀመጡበት ቁም ሣጥን፣ እኔ ጫማዬን ወደማስቀምጥበት መደርደሪያ ሮጥን። ስንመለስ ጋራዡ በር ላይ ተጋጨን።

እያንዳንዳችን አንዳንድ ባዶ የሞተር ዘይት ጠርሙስ ይዘናል፤ አራቱም አረንጓዴ፣ አራቱም ባለ አንድ ሊትር፣ አራቱም ማዕዘን ላይ ካለችው ሱቅ። የሊቀመንበሩ ጠርሙስ ላይ ዘይት የሚቀዱበት ማንቆርቆሪያ እንኳ አልተነቀለም።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ማንቆርቆሪያውን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ።

መካኒኩ ጠርሙሶቹን በዓይኑ ቆጠረ፤ ሳፋውን አየ።

«አራት» አለ። «ልክ ነው፤ ያፈሰስኩትም አራት ነው።»