የዛጎል ግራ ታፋ

ማስተዋል እንግዳው አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ሶፍትዌር ስትሠራ ቆይታ መጨረሻ ላይ አርክቴክት ሆናለች። ወረታ ላይ ይኼን ስትናገር ሰው ሁሉ «እሰይ! በይ የቆርቆሮ ቤት ፕላን ንደፊልኝ» ይላታል። እሷ ግን ቤት ነድፋ አታውቅም። ሌሎቹ ኮዱን ሲጽፉ፣ ምኑ ከምኑ እንደሚገናኝ፣ ማን ምን እንደሚያይ፣ ማን ምን እንደማያይ አስቀድማ የምታስበው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ለአለቃዋ የጠፋ ከብት ማፈላለጊያ ልሥራ አለችው። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ሳቀባት።

«የላም ሶፍትዌር? ማስተዋል፣ ላም እኮ ስልክ የላትም!»

«ባለቤቷ አለው» አለችና በሳምንቱ መልቀቂያዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችለት።

«ስድስት ወር አትቆዪም። ወንበርሽን አቧራ እንዳይነካው እሸፍንልሻለሁ።»

«ሸፍነህ ተቀመጥበት» ብላው ወጣች። መጋቢት ላይ ነው።

ወረታ ከወፍጮ ቤቱ ጎን አንዲት ክፍል ተከራይታ በሯ ላይ «ወዲህ በሉኝ» ብላ ጻፈች። ፎገራ ላይ ከብት የጠፋበት ሰው በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ «ያያችሁ ወዲህ በሉኝ፣ ያላያችሁ ወዲያ በሉኝ!» እያለ ነው የሚለፍፍ። ክረምት ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲውጠው ደግሞ የናበጋ ቀበሌው መንጋ ከዋገጠራ ቀበሌው ይደባለቅና ለፋፊው ይበዛል፣ ጉሮሮው ይደርቃል። እሷ ይኼን በስልክ አደረገችው። ያገኘ ሰው ፎቶ ይልካል፣ እሷ ቴሌግራም ላይ ትለጥፋለች። የጠፋበት ይደውላል፣ ማሽኑ «ምልክቷን ይናገሩ» ይልና የተናገረውን ሁሉ ይቀዳል። ምልክቱ ከፎቶው ከገጠመ ከብቱ የእሱ ነው። ቀላል! እንዲህ የቀለለ ነገር ያስጠረጥራል፤ እሷ ግን መች ጠርጥራ።

ነሐሴ ላይ አንዲት ላም ሰውመሆን በሚባል ጎረምሳ የሩዝ ማሳ ውስጥ ገብታ ተገኘች። ሰውመሆን አዲስ ስልክ የገዛ ሰሞን ስለነበር ላሟን ለብቻዋ ፎቶ ማንሣት አልሆነለትም። «ፎገራ» የሚል የኳስ ማሊያውን ለብሶ፣ አንገቷን አቅፎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ተነሣ። ለሠርጉ የተነሣ ነው የሚመስል። የፎገራ ላም መቼም ጥቁርና ነጭ ናት፤ «ጥቁርና ነጭ ላም ጠፋችብኝ» ማለት ምንም አለማለት ነው። ይች ግን ታፋዋ ላይ እንደ ማጭድ የቆለመመ ነጭ አላት።

ፎቶው በተለጠፈ ማግሥት ገበያው የሚባል የሐሙሲት ከብት ነጋዴ ደውሎ ምልክቷን አንድ በአንድ ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እትየ ድንቅነሽ የሚባሉ ሴት እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው በእግራቸው መጡ።

«ላሜን ዛጎልን አገኛችሁልኝ አሉ። የት አለች?»

«ነጩ በየት በኩል ነው፣ እትየ?»

«በግራ ታፋዋ።»

ማስተዋል ፎቶውን አየች። ቀኝ ነው።

«እትየ፣ ተሳስተው እንዳይሆን። ፎቶው ቀኝ ነው የሚል።»

«ምን አልሽ? ስድስት ዓመት ያለብኋትን ላም ፎቶ ሊያስተምረኝ?»

«ማሽን አይዋሽም፣ እትየ።»

ይችን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ዞራ ትነክሳታለች።

ላሟ ከሰውመሆን ደጅ በቀጥታ ለገበያው ተሰጠች። እትየ ድንቅነሽ ያለቻቸው ላም እሷው ብቻ ነበረች። አላለቀሱም። ነጠላቸውን አጣፍተው ሽማግሌ ዘንድ ሄዱ።

ሽማግሌው ለመስከረም የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዋርካ ሥር ቀጠረ። ገበያውም ላሟን ይዞ እንዲቀርብ ታዘዘ። የዚያን ለት ጧት የማስተዋል ስልክ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው።

«ስድስት ወር ሞላ እኮ። ወንበሩ ናፍቆሻል።»

«ሸንጎ አለብኝ» አለችና ዘጋችበት።

ዋርካው ሥር አገር ምድሩ ተሰብስቧል፤ ሸንጎውን የሚመሩት አባ ተክለ ሃይማኖት መሐል ተቀምጠዋል። ገበያው አዲስ ጋቢውን ደርቦ ተነሣ።

«አባ፣ እኔ ምን አከራከረኝ? የተማረች ልጅ በማሽን ፈትሻ ሰጠችኝ። እሷው ትመስክር!»

«በይ ማስተዋል፣ የምታውቂውን ተናገሪ» አሏት አባ።

ማስተዋል ተነሣች። ላሟን በዓይኗ ስታያት ይኼ የመጀመሪያዋ ነው፤ እስካሁን የምታውቃት በፎቶ ነው። አየች። ማጭዱ ያለው በግራ ታፋዋ ነው።

መጀመሪያ ሌላ ላም ያመጣ መሰላት። ስልኳን አውጥታ ፎቶውን ከፈተች፦ ቀኝ። ቀና ስትል ሰውመሆን ያንኑ ማሊያ ለብሶ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ደረቱን አየች፣ ፎቶውን አየች። ፎቶው ላይ «ፎገራ» የሚለው ጽሑፍ ዞሯል።

የስልክ የፊት ካሜራ እንደ መስታወት ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ እንደሚያደርግ ሕፃን ያውቃል። ስምንት ዓመት የሠራችው አርክቴክት ግን ከላሟ ባለቤት ይልቅ ፎቶ አምና አረፈችው።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ማሽኗም ስሟም እንደተከበረ ይኖራል፣ ዛጎልም ወደ ሐሙሲት ትነዳለች። ብትናገር ደግሞ «አላልንም ወይ!» የሚለው ሁሉ ጥርሱን ስሎ ይጠብቃታል። «እንግዲህ ይሳቁዋ!» አለች በልቧ።

«አባ፣ እስቲ የልጁን ደረት ያንብቡልኝ።»

አባ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ መልሰው አራቁት። «ይኼ ደግሞ የየት አገር ፊደል ነው? ወደ ኋላ ነው እኮ የሚሄድ!»

«ፊደሉ ብቻ አይደለም አባ፣ ላሟም ዞራለች። ሰውመሆን አብሯት ሊታይ ብሎ በፊት ካሜራው አነሣት። እሱ እንደ መስታወት ነው፣ ግራውን ቀኝ ያደርጋል።»

«ምን ላርግ? እኔስ አልታይ?» አለ ሰውመሆን። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

«አሁን ደግሞ ይኼን ስሙልኝ።» የገበያውን ጥሪ ከፈተችው። ድምፁ ከስልኩ ወጣ፦ «ከጥጃዋ ጀምሬ በእጄ ያሳደግኋት ናት። በቀኝ ታፋዋ ላይ እንደ ማጭድ የቆለመመ ነጭ አላት።»

ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ወደ ላሟ አዞረ።

«አያ ገበያው፣ ይች ላም በቀኟ ነጭ ያላት እዚህ ፎቶ ላይ ብቻ ነው» አለች ማስተዋል። «እርስዎ ያሳደጉት ፎቶውን ነው።»

«ምላስ ይስታል! ቀኝና ግራ ተምታታብኝ!»

«እኔ በግራዋ ቁጭ ብዬ ነው የማልባት» አሉ እትየ ድንቅነሽ ከተቀመጡበት። «ስድስት ዓመት ማጭዷ ከአፍንጫዬ ሥር ነበረች። ለእኔ ምነው አልተምታታ?»

አባ እጃቸውን አነሡ። «ላሟን ፍቱላቸው።»

ገበያው ጋቢውን ሰብስቦ ሲሄድ ግን መንከሱን አልተወም። «እሽ! ግን ማሽኗ ውሸታም መሆኗን ሁላችሁም አያችሁ። ላሟን የሰጠችኝ እሷው ናት!»

ጉርምርምታ ተነሣ። ማስተዋል እስካሁን «እርስዎ» ስትለው የነበረውን ሰውዬ አንተ አለችው።

«አዎ፣ የሰጠሁህ እኔ ነኝ! እትየ ድንቅነሽን የመለስኋቸውም እኔ ነኝ። እትየ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያንተን ድምፅ ውጦ የያዘህ ግን ማሽኑ ነው። አልዘጋውም! ሂድና ይኼንን ሐሙሲት ላይ ለፍፍልኝ።»

እትየ ድንቅነሽ የዛጎልን ገመድ ጨብጠው አጠገቧ ቆሙ።

«አንች ልጅ፣ ያጠፋሽውን እንኳ ገና አላወቅሽውም።»

«ፎቶውን ማመኔ ነዋ፣ እትየ።»

«መለጠፍሽ! ከብት ያገኘ ሰው ምልክቱን ላገር ያሳያል? አባቴ ዝም ነበር የሚል። የሚናገር የጠፋበት ነው። አንች ገና ሌባው ሳይጠየቅ መልሱን ሰጠሽው።»

ማን ምን እንደማያይ ማሰብ የማስተዋል እንጀራ አልነበር?

ሰኞ ፎቶውን ሁሉ ከቴሌግራም አጠፋች። ሳምንቱን ሙሉ አፍርሳ ሠራችው። አሁን ያገኘም የጠፋበትም ለየብቻ ደውሎ ይናገራል፤ አንዱ የሌላውን አይሰማም። ሁለቱ ቃል ሲገጥም ብቻ ሽማግሌ ይጠራል።

መጀመሪያ የመጡት እትየ ድንቅነሽ ናቸው፤ ዛጎል ሳትጠፋ ምልክቷን ሊያስመዘግቡ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ለማሽኑ ደውለው፣ ትንሿን ስልካቸውን ነጠላቸው ውስጥ ወሽቀው፣ አፋቸውን ከለሉ።

«ጆሮሽን ድፈኝ።»

«እትየ፣ የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«ድፈኝ አልሁሽ!»

ማስተዋል ሁለቱንም ጆሮዋን በእጆቿ ደፈነች። ያን ጊዜ የእሷ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የአለቃዋ ስም በራ፣ ጠፋ፣ ደግሞ በራ። እሷ አየችው እንጂ አላነሣችውም፤ ሁለቱም እጆቿ ሥራ ላይ ነበሩ።