የጋሽ ገብረየስ ሃያ ስምንት

ስለ አንዲት ሌንስ ሁለት የማይገናኝ ቃል ተጻፈ።

የመጀመሪያውን የጻፈው ምንያህል ነው። «የጋሽ ገብረየስን ሦስት ሌንሶች ሞክሬያቸዋለሁ። ሃምሳ ሚሊሜትሯና ሠላሳ አምስቷ ደህና ናቸው። ሃያ ስምንቷ ግን ሩቁን አታጠራም። ከሐይቁ ማዶ ያለው ተራራ በእንፋሎት በተሸፈነ መስታወት ውስጥ የሚታይ ነው የሚመስለው። ለመልክዓ ምድር አትሆንም፤ ባንወስዳት ይሻላል።»

ሁለተኛውን ሮሆቦት ጻፈች። «እኔ ከምንያህል በፊት ይዣት ነበር። ከሦስቱ ሩቁን አጥርታ የምታሳየው ሃያ ስምንቷ ናት። ታቦር ተራራ ላይ ቆሜ ቡሹሎ መንደር በኩል ያሉትን የቆርቆሮ ጣሪያዎች አንድ በአንድ ለይቼባታለሁ። አንዷን ብቻ ምረጪ ብባል እሷን ነው የምመርጠው።»

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ መነጽር ያስፈልጋችኋል» አለ ሙሐመድ በግሩፑ ላይ። ሄኖክ ግን «ምንያህል ካለ ካለ ነው፤ አለቀ» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ግሩፑ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች የፎቶ ክበብ ነው። ባለፈው ዓመት ተራራ ሲወጡ ከባድ ከባድ የዙም ሌንሳቸውን እንደ ሕፃን አዝለው፣ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ካሰቡት ከፍታ ሳይደርሱ ተመልሰዋል። ለዘንድሮው ጉዞ የመረጡት ትንንሾቹን ነው፤ ዙም የሌላቸውን፣ ፎከሳቸው በእጅ ቀለበት የሚዞረውን፣ ጃኬት ኪስ ውስጥ የሚገቡትን። ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ የሟች ባለቤታቸውን ሌንሶች «ከሚበላሹ የሚያውቅ ሰው ይግዛቸው» ያሉት። ጋሽ ገብረየስ የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። ደቡብን በእግራቸው ሲያካልሉ በእጃቸው መለኪያ፣ በአንገታቸው ካሜራ አይጠፋም ነበር ይባላል።

የመምረጡ ሥራ ለምንያህል ተሰጠ። ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ለክበቡ አዲስ አባላት ሥልጠና የሚሰጠውም እሱ ነው። ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የሚጠብቅ፣ ቢከራከሩት የማይቆጣ ልጅ ነው። የሮሆቦትን መልእክት ሲያነብም አልተቆጣም። «ነገ ታቦር ላይ አብረን እንያት» ብሎ ጻፈላት። ልቡ ግን ልጅቷ አዲስ ስለሆነች ነው፣ ታየዋለች፣ ይል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሮሆቦትን ቀድማው ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ፋርማሲ ክፍል ነው የምትሠራው። ሐይቁ ከታች ተዘርግቷል፤ አሞራ ገደል በኩል ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባቸውን እየጎተቱ ነበር።

«መነጽርህን ይዘህ መጣህ?» አለችው።

«አንቺም ያንቺን ይዘሻል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሃያ ስምንቷን ካሜራው ላይ ገጠመ። አሮጌ ሌንስ አዲስ ካሜራ ላይ የሚያርፈው በመሃል በምትገባ የብረት ቀለበት ነው፤ እሷም ከሌንሶቹ ጋር ከወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ቤት የመጣች ናት። ካሜራውን ወደ ማዶው ተራራ አነጣጠረ፤ የፎከሱን ቀለበት አልሄድም እስኪል ድረስ አዞረና አነሳ። ስክሪኑን ወደ ሮሆቦት መለሰላት።

«ይኸው። ጉም።»

ሮሆቦት አየችና ግንባሯን ቋጠረች። «እውነት ነው፣ ጉም ነው። እስቲ ቆይ፣ ከማንሳትህ በፊት ስክሪኑ ላይ አጉልተህ አይተሃል?»

«ለተራራ ምን ማጉላት ያስፈልጋል? ሩቅ ነው፤ የቀለበቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚሆነው።»

«እኔ መጨረሻው ድረስ አልሄድኩም። ጠራ ሲለኝ አቆምኩ።»

ሞቅ ያለ ነገር ከአንገቱ ተነስቶ ወደ ጆሮው ሲወጣ ተሰማው። ስክሪኑን አጎላ። ቀለበቱን ወደ ኋላ መለስ አደረጋት፤ እንደ መመለስ እንኳ የማትቆጠር፣ ጣቱ ራሱ በቅጡ ያላወቃት ትንሽ እንቅስቃሴ። የማዶው ዳርቻ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዛፍ ከዛፍ ተለየ። ከተራራው ጎን የሚወርደው ቀጭን መንገድ ታየ፤ ቡሹሎ በኩል ያሉት ጣሪያዎች ፀሐይ መቷቸው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አበሩ።

በመሃል የገባችው የብረት ቀለበት ትንሽ ቀጭን ናት፤ በዚህ ምክንያት የፎከሱ መጨረሻ ሩቁ ከሚጠራበት ያልፋል። ምንያህል ይህን ያውቃል። በሌሎቹ ሁለት ሌንሶች ያነሳው ጀልባና ዛፍ፣ ቅርብ ቅርቡን፣ ስለነበር በዓይኑ እያየ አስተካክሏል። ተራራውን በሃያ ስምንቷ ሊያነሳ ሲል ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተቻኩሎ ለእጁ ልማድ ተወው።

«ሥልጠና ላይ ያልከንን ታስታውሳለህ?» አለች ሮሆቦት። ለማሾፍ አልነበረም፤ ይኼ ነው የባሰበት። «‹የቀለበቱን ምልክት አትመኑ፤ አጉልታችሁ በዓይናችሁ እዩ።› እኔ እኮ ያንን ነው ያደረግኩት።»

«አስታውሳለሁ።»

«ለግሩፑ አንተ ትጽፋለህ ወይስ እኔ ልጻፍ?»

«እኔ እጽፋለሁ» አለ፣ ወደ ሐይቁ እያየ።

ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ጻፈ። «በድጋሚ ባየነው መሠረት የሃያ ስምንቷ ውጤት እንደየካሜራው ይለያያል» አለ። አነበበው። የሮሆቦትና የእሱ ካሜራ አንድ ዓይነት ነው። አጠፋው። «አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይጠይቃል» ብሎ እንደገና ጻፈ። ይኼኛውም ጥፋቱን ከእሱ አንስቶ ማንም ላይ የማያሳርፍ ቃል ነው። እሱንም አጥፍቶ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሌንሶቹን በቅድሚያ ለሴትዮዋ መመለስ ይሻላል ሲል ለራሱ ነገረው።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ነው የሚኖሩት። በሩን ከፍተው ሲያዩት ሰላምታቸው እንኳ ሙሉ አልነበረም።

«ግባ ልጄ፣ ግባ። እኔማ በምን ፊቴ ልይህ እያልኩ ነበር።»

«ምነው እትዬ?»

«ሙሐመድ መጥቶ የጻፍከውን አነበበልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የተማራችሁ ሰዎች የማይረባ ዕቃ ልትሸጥልን ነበር ትሉኝ ይሆናል። ወለተጊዮርጊስ አታውቅም ነበር በልልኝ፤ ለማታለል አይደለም።»

ምንያህል ተቀመጠ። ከፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ ከሌላው ቀለም የደመቀ ባዶ አራት ማዕዘን ነበር፤ ከላዩ ምስማሩ አለ። ሌንሶቹን ሊወስድ የመጣ ቀን እዚያ ቦታ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር፤ ሐይቁ፣ ከማዶው ተራራ ጋር።

ዓይኑን ተከትለው አዩት። «አወረድኩት። በዚችው ሌንስ ያነሳው ነው። ነፍሱን ይማረውና እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ሩቁ እንዴት እንደጠራ እዩልኝ› ነበር የሚለው። እሱ ካለፈ በኋላ እኔም እንደዚያው እል ነበር። ለካ ሰው እያዘነልን ነው የኖረው። መስክ ሲወጣ እኮ ይቺኑ ብቻ ነበር የሚይዛት፤ ሌሎቹ እዚህ ይቀራሉ።»

«እትዬ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት እርስዎ አይደሉም።» ካሜራውንና ሃያ ስምንቷን ከቦርሳው አወጣ። «ሌንሷ ጤነኛ ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«እንዳላዝን ብለህ ነው።»

«አይደለም። ይምጡ፣ በዓይንዎ ይዩት።»

ግቢው በር ላይ ሆነው ካሜራውን ወደ ታቦር አነጣጠረ። ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዞረ፤ ተራራው ደበዘዘ። «እኔ ያነሳሁት እንዲህ አድርጌ ነው። አሁን እርስዎ በጣትዎ ወደ ኋላ ይመልሷት። ቀስ ብለው።»

በሴትዮዋ ጣት ቀለበቷ ተንቀሳቀሰች፣ ተራራው ጠራ። ዓለቱ ላይ የተቀመጡ ልጆች ሳይቀሩ ታዩ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ወደ መጨረሻው መልሰው አዞሩት፤ ደበዘዘ። እንደገና መለሱት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ይህችን ለምታህል?» አሉ፣ ሁለት ጣታቸውን ሊነካኩ ትንሽ እስኪቀራቸው አቀራርበው። አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይቀለው ነበር።

ወደ ቤት ገብተው ከአልጋ ሥር በጋቢ የተጠቀለለውን ፎቶ አወጡ። ምንያህል ወንበር ላይ ቆሞ ሰቀለው። ከታች ሆነው «ወደ ግራ፣ በቃ፣ ደህና ነው» እያሉ አስተካከሉት። ከዚያ ሃያ ስምንቷን፣ ምንያህል ከካሜራው ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠበት፣ አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሏት።

«ሁለቱን ውሰዱ። ይቺን ግን አልሸጥም።»

«መብትዎ ነው እትዬ።»

«ደግሞ እንዳትጨነቅ። ካልተሸጠች ማን ይጠይቅሃል? ለሰዎቹ ምንም መጻፍ የለብህም። ስምህ ለምን ይነሳ? እኔ አውቄዋለሁ፣ በቃኝ።»

ከልባቸው ነበር። ምንያህልም እውነት እንደሆነ ገባው፤ ሌንሷ ከገበያ ከወጣች ነገሩ በሳምንት ውስጥ ይረሳል። ሮሆቦት ብትጠይቀው «ሴትዮዋ አልሸጥም አሉ» ማለት ይበቃዋል። የሚቀረው ሄኖክ ያለው «ምንያህል ካለ ካለ ነው» ብቻ ነው። ቀና ብሎ ፎቶውን አየ። ሩቁ ጠርቷል። ሙሐመድ ነገ እዚህ ቤት ቢመጣ ግን ይህንን ፎቶ ሲያይ በሆዱ ለሴትዮዋ እንደሚያዝንላቸው ታወቀው።

ስልኩን አወጣ። መጻፍ ቢጀምር ቃሉን እንደገና ማለስለሱ እንደማይቀር ያውቃል። የድምፅ መልእክቱን ምልክት ተጫነና አፉ ጋ አስጠጋው።

«ምንያህል ነኝ። ስለ ሃያ ስምንቷ የጻፍኩት ስህተት ነው፤ ቀለበቱን አሳልፌ ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ አጉልቼም አላየሁም። ሮሆቦት ያለችው ልክ ነው። ሌንሷ ከሦስቱ ትበልጣለች፤ እትዬ ወለተጊዮርጊስ አልሸጥም ስላሉ አናገኛትም። የሚቀጥለውን ሥልጠና ደግሞ ሮሆቦት ፈቃደኛ ከሆነች እሷ ትስጠን፤ እኔ ከአዲሶቹ ጋር እቀመጣለሁ።»