የካሳው ስጥ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ግን ጎረቤቴን አያ ካሳውን የጠረጠርኩት በዓይኔ አይቼ ነው። በስልሳ አምስቱ ክፉ ቀን ቆቦ ገበያ እህል አጥቶ፣ ሰው ወደ መኪናው መንገድ ሲፈልስ፣ ይኼ የእጅ ባትሪና ሬዲዮ ጠጋኝ ቤቱን ዘግቶ ቀረ። ምን ይዞ ነው የሚቀረው?

እኔማ የቀረሁት በልጄ በዓሊማ ምክንያት ነው። አባቷ ሥራ ፍለጋ ወደ አፋር ወርዶ አልተመለሰም። እሷ እግሯ አልሸከም ብሏት መደብ ላይ ተኝታለች። ቅጠል ቀቅዬ ባጠጣት መለሰችው። አንድ እፍኝ ዱቄት ባገኝ ነፍሷ ይመለስ ነበር፤ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

አንድ ረፋድ ላይ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ፣ ካሳው ሰፌድ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣ። ውስጡን አጥሩ ጋረደኝ፤ እጁ ግን ቶሎ ቶሎ ያገላብጣል። እህል ካልሆነ ምን ይገላበጣል? ደግሞ ዱላ ይዞ አጠገቡ ቁጭ!

«ስጥ ይጠብቃል» አልኳት ጎረቤቴን ሙሚናን።

«ከምን? ዶሮዎቹን እንደሆነ በልተን ጨርሰናል።»

«ከእኔና ከአንቺ ነዋ!»

ሲመሽ ሰፌዱን እንደ ጨቅላ ልጅ አቅፎ ገባ። በማግስቱም እንደዚያው። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ በበሩ ስንጥቅ ብርሃን አየሁ። ላምባ ከገበያው ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነው። ጭስ እንዳያጋልጠው በባትሪ እያበራ ጥሬውን ይቆረጥማል አልኩ። ወላሂ ሆዴ ተቃጠለ! «አያ ካሳው፣ ለዓሊማ የሚሆን ነገር» ብዬ ስለምነው «በእመቤቴ፣ የለኝም» ብሎ ምሎልኝ ነበር እኮ። ሞኝህን ፈልግ!

በነጋታው አመሻሽ ላይ ዓሊማ «እማ» ማለቱንም ተወችው። ሙሚናን አስከትዬ፣ ባዶ ጣሳዬን ይዤ ሄድኩና በሩን በትከሻዬ በረገድኩት።

ካሳው መሬት ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ከማሽላ አገዳ የተሠራች፣ ከጉልበት የማትበልጥ ቤት አለች። ጣሪያዋ ላይ የእጅ ባትሪ አምፖል በርቷል፤ ሽቦው በተፈለፈለ አገዳ ውስጥ ሾልኮ ወደ ጓሮዋ ይወርዳል። ምድጃዋ ሥር ሌላ አምፖል በቀይ የከረሜላ ወረቀት ተሸፍኖ እሳት መስሏል። የጭቃ ሰዎች የጭቃ መሶብ ከበዋል። እጄን ሰድጄ የመሶቡን ክዳን በጥፍሬ አነሳሁት። ጭቃ ብቻ ነው።

«ሰፌዱስ? ስጡስ?» አልኩት።

ወደ ጥግ አሳየኝ። ሰፌዱ ላይ አሮጌ የባትሪ ድንጋዮች ተደርድረዋል።

«ፀሐይ ሲመታቸው ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ» አለ። «ልጆች እየነጠቁ ይሰባብሩብኛል፤ ለዚያ ነው ዱላው። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ‹ለልጄ መብራት ያላት ቤት ሥራልኝ፣ ማሽላ አመጣልሃለሁ› ብሎኝ ነበር።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«እንጃ። ያለው ቀንስ አልፏል።»

አላመንኩትም። እንስራውን ገለበጥኩ፣ ከመደቡ ሥር ዳበስኩ፣ ጎታው ውስጥ ክንዴን እስከ ብብቴ ከተትኩ። አቧራ ነው። አንዲት ፍሬ እንኳ የለችም። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

«ተነሺ በቃ፣ እንሂድ» ትለኛለች ሙሚና።

ካሳው ያፈርኩ መሰለው። «ግድ የለም ዚነት፣ ክፉ ቀን ያመጣው ነው። ይቅር ብዬሻለሁ» አለኝ።

«ማን ይቅርታህን ጠየቀህ!» ብዬ ጮህኩበት። «ደብቀህ ቢሆን ኖሮ ልጄ ዛሬ ትበላ ነበር!»