እማዬ እስክትጨርስ

እናቴ የጥርስ ክሊኒክ ተራ ጠሪ ናት። ማይክሮፎን ይዛ አታውቅም፤ አስፈልጓትም አያውቅ። «ቁጥር አሥራ ሁለት!» ስትል ባለተራው ብቻ ሳይሆን በውጭ የሚያልፈው መንገደኛም ደንግጦ ይቆም ነበር። ዘንድሮ ጉሮሮዋ ላይ እባጭ ወጣና በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ግን ከሹክሹክታ የዘለለ ድምፅ ላይኖራት እንደሚችል ሐኪሞቹ አልደበቋትም። ለሌላው ይሄ ሕመም ነው፤ ለእናቴ እስራት ነው።

የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ራሳቸው ጥርስ ነቃይ የሆኑ ቁጡ ሰውዬ፣ ተራ የሚጠራ ማሽን ሊገዙ ማሰባቸውን ነገሯት። እቤት መጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «በቃ፣ ሥራ ፈት ልሆን ነው» አለችኝ። 

«ማሽኑን እኔ እሠራዋለሁ» አልኳት። «ድምፁም ያንቺው፣ ቁልፉን የምትጫኚውም አንቺው።» ፕሮግራም መጻፍ እንጀራዬ ነውና የማይሆን ነገር አልተናገርኩም። ኃላፊውም አንድ ጠዋት እንሞክረው ብለው ፈቀዱ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት መኝታ ቤቴ አስገብቼ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ ድምፅዋን ቀዳሁ። «ቁጥር» እና «ክፍል ሁለት ይግቡ» የሚሉትን ለብቻ፣ ቁጥሮቹን ደግሞ በቅደም ተከተል ጠራችልኝ። ቅጂውን ዝም ባለችበት ቦታ ሁሉ እየቆረጠ፣ ቁርጥራጩን በተራ ቁጥር ለሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሰጠሁት። ቁጥር ስምንት ሲፈለግ ስምንተኛው ቁራጭ ይጫወታል፤ ቀላል ነው። ቁርጥራጮቹን ግን ቁጭ ብዬ አላዳመጥኳቸውም። እናቴ ስትናገር ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ከልጅነቴ ጀምሮ የተካንኩበት ሙያ ነው።

የሙከራው ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሹክሹክታ ብቻ የቀራት እማዬ አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ፣ ቁልፉን እንደ ትኩስ ምጣድ በጣቷ ጫፍ ነካችው። «ቁጥር»፣ «አንድ» እና «ክፍል ሁለት ይግቡ» አንድ ላይ ፈነዱ። ሦስት እናቶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ነበር የሚመስለው። ጉንጩ ያበጠ አንድ ሰውዬ ተነስቶ፣ ግራ ገብቶት ተመልሶ ተቀመጠ።

ጥፋቱ ገባኝ። ድምፅ ለማጫወት የምጠቀመው ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ፣ አጫውት ሲሉት ይጀምርና እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ይሮጣል። እማዬ እስክትጨርስ አለመጠበቅ የኔ ብቻ አመል አልነበረም ማለት ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ «የፊተኛው ሳያልቅ የኋለኛውን አትጀምር» የሚል አንድ መስመር ጨመርኩበት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ውሃ ፈሰሰ! እማዬ ትጫናለች፣ ድምፅዋ ይጠራል፣ ሰው ይገባል። ኃላፊው እንኳ በበሩ ብቅ ብለው ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። እስከ አሥራ አራት ደረስን። ተጫነች።

«ቁጥር... ይሄ ካልሲ ደሞ ምን ይሠራል እዚህ? አንቺ ልጅ፣ እናት አላሳደገቻትም ይሉሻል እኮ!... ክፍል ሁለት ይግቡ።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እግሩ አየ። ጉንጩ ያበጠው ሰውዬ እግሮቹን ወንበሩ ሥር ሸሸገ። ለካ እናቴ ሳትቆጣ መቁጠር አትችልም! ቁጣዋም እንደ ቁጥር ተቆርጦ፣ ተራ ይዞ ተቀምጧል። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ገመዱን ልነቅል ስንደፋደፍ፣ እማዬ ተደናግጣ ደጋግማ ተጫነች። በአሥራ አምስት ቦታ «አሥራ አራት» ተጠራ። ቀጥሎ፦

«ቁጥር... ምሳሽን በላሽ ወይ? አልበላሽም፤ ፊትሽ ይናገራል። ሥራው የት ይሄድብሻል? ብይ እንጂ ልጄ። እኔ ሁልጊዜ አልኖርልሽም... ክፍል ሁለት ይግቡ።»

የሳቀ የለም። ኃላፊው መንቀያቸውን እንደያዙ ወጡ።

«ማናት ይቺ?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ፤ እሳቸው ግን አልሰሟትም። እጇን አወጣች።

ጉንጩ ያበጠው ሰውዬ ባልተጎዳው የአፉ ጎን፣ «እውነቷን እኮ ነው» አለ። «ካመመኝ ወዲህ በላህ ወይ ያለኝ የለም።»

ኃላፊው እሱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ወደ መንቀያቸውም አዩ። «ማሽን መግዛቱ ይቅር» አሉ በመጨረሻ። «ካልሲውን ግን አውጡልኝ።»

ካልሲውን አወጣሁ። የምሳውንም ከክሊኒኩ አወጣሁት፤ ላጠፋው ስል ግን እማዬ እጄን ያዘችኝ። ስልኳ ላይ ጫንኩላትና ስትነካው ወደኔ ደውሎ ቅጂውን የሚያሰማ ትልቅ ቁልፍ ሠራሁለት።

አሁን ቀትር ላይ ቢሮ ስልኬ ይጮሃል። አነሳለሁ፤ «ምሳሽን በላሽ ወይ?» ይላል ያ የድሮ ድምፅዋ፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ድረስ እየተሰማ። ባልደረቦቼ ይስቃሉ። መጀመሪያ አካባቢ «በልቻለሁ፣ በልቻለሁ» ብዬ መሃል ላይ እዘጋው ነበር፤ የተቀዳ ነገር ነው፣ ምኑ ይሰማል ብዬ።

አንድ ቀን እጄ ሥራ ይዞ ሳልዘጋው ቀረሁ። «አልኖርልሽም» ብሎ አለቀ። ትንሽ ጸጥ አለ። ከዚያ ከጸጥታው ውስጥ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ካላጣበቅኩ የማይሰማ ሹክሹክታ መጣ።

«እና ምን በላሽ?»

ለካ ሁልጊዜም እዚያው ነበረች፤ ቅጂው እስኪያልቅ እየጠበቀች።