ያልተራቡት ቆሮሶዎች

ገሠሠ በቀይ ሽብር ዘመን ናዝሬት የቀበሌ ሹም ሳለ ገመቹን ከቤቱ ሲያስወስደው ለእናቱ፣ «ለትንሽ ጥያቄ ነው፣ እማማ ወርቄ፤ አሁን ይመለሳል» ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ልጃቸው እንዳይበርደው ጋቢ ይዘው መኪናውን እስከ ባቡር ጣቢያው ተከተሉ። ገመቹ አልተመለሰም። እህቱ ኢፍቱ ሌኒንግራድ የዓሣ ጥናት ተምራ ስትመጣ ጋቢውን ሣጥን ላይ እንደታጠፈ አገኘችው።

ያው ገሠሠ አሁን በምትሠራበት በዝዋይ ዓሣ ጣቢያ አለቃዋ ነው። አላወቃትም። ካስወሰደው ሰው ብዛት የማንን እህት ያስታውስ?

ኢፍቱ በበረዶ ይዛ የመጣችው መድኃኒት ዓሣው ራሱ በጭንቅላቱ ውስጥ የሚሠራው፣ የምግብ ፍላጎት የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር ነው። በመርፌ ሲሰጥ እንቁላል የሚያስጥለውን ሆርሞን በደሙ ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። ያም የሚሆነው ዓሣው ከተራበ ብቻ ነው። በጠገበ ዓሣ ላይ ሆርሞኑ ጭራሽ ይወርዳል።

ገሠሠ ደግሞ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከአዲስ አበባ ለሚመጡ እንግዶች ቆሮሶ የሚባሉትን የሐይቁን ዓሦች በፊታቸው እንቁላል እንደሚያስጥል ቃል ገብቷል።

«ከመርፌው በፊት መራብ አለባቸው» አለችው።

ገሠሠ በሩን ዘጋ። «የወሎን ወሬ እዚህ ልታመጪብኝ ነው? በዚህ በዓል ያ ቃል አይነሳም። የአብዮቱ ዓሣ አይራብም። ጠዋት ማታ ፉርሽካ ይበተንላቸው።»

«ሆርሞኑ እኮ ጓድ…»

«ሆርሞኑም ይታዘዛል» ብሎ ሳቀ።

በጓሮው ገንዳ ጥቂቶቹን ደብቃ ማስራብ ትችል ነበር። አመነታች። የተማረችው ለዚህ ነው? ዕውቀትስ ለቂም ይውላል? ከዚያ ጋቢው ትዝ አላት። ፉርሽካውን በገዛ እጇ በተነች፤ ካዘዘውም አስበልጣ።

በበዓሉ ቀን መርፌ የተወጉት ሴቶቹ ቆሮሶዎች ከገንዳው ወጡ። ሆዳቸው ቢጨመቅ፣ ቢታሽ፣ አንዲት እንቁላል እንኳ አልወጣችም።

«የታለ?» አሉ የእንግዶቹ አለቃ።

«ዶክተሯን ይጠይቋት» አለ ገሠሠ፣ ላቡ እየወረደ።

«መራብ ነበረባቸው» አለች ኢፍቱ፣ ቃሉን ጮክ አድርጋ። «ጓድ ገሠሠ ከልክለው ጠዋት ማታ አስቀለቧቸው። ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል።»

ሠራተኞቹ መሬት መሬት አዩ።

«እያወቀ? ይሄማ አሻጥር ነው» አሉ ሰውዬው። አንዱ አጃቢ የገሠሠን ክንድ ያዘ። «ና እስቲ ጓድ፣ ለትንሽ ጥያቄ ነው።»

ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ብርድ ነበረው። ገሠሠ በሸሚዝ ብቻ ላንድሮቨሩ ላይ ወጣ። ካፖርቱ ወንበሩ ላይ ቀርቷል፤ ኢፍቱ እጇን ብትዘረጋ ትደርስበታለች።

መኪናው ተነሣ። እጇን ኪሷ ከተተች።