የሩብ ብርጭቆ እሺታ

ወይኑ ይተንፍስ ተብሎ ዶሮው ከእሳት ከወረደ ቆይቷል። ሠርካዲስ የጓዳው በር ላይ ቆማ፣ ጠረጴዛው መሃል የተቀመጠውን የውሃ ጆግ በክፉ ዓይን ታየዋለች። ጆጉ ውስጥ ያለው ጥቁርቁር ያለ ቀይ መጠጥ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም፣ የብርሃኔ ወይን ነው። ብርሃኔ ዕድሜውን ሙሉ በትልቅ ሆቴል አስተናጋጅ ሆኖ ሠርቷል። ጡረታ ሲወጣ አንድ የለመደው ፈረንሳዊ እንግዳ ይህን የቦርዶ ወይን በስጦታ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ሲጠብቀው ኖረ። "ለሮሐ ቀን ነው የምከፍተው" ይል ነበር። ሮሐ የሠርካዲስ ልጅ ናት፤ ቀኑም ደረሰ።

"ምኑ ነው የሚተነፍሰው?" አለችው። "ሕመምተኛ ነው እንዴ?"

"ሠርኬ፣ ስንት ዓመት ታፍኖ የኖረ ወይን እኮ ነው። አየር ይፈልጋል።"

"እኔም ስንት ዓመት ታፍኜ ኖሬያለሁ። ማን አየር ስጧት አለ?"

ከጠዋት ጀምሮ አንጀቷን አሳርሯታል። ጠላ ልጥመቅ ስትል ወይን እያለ ብሎ አስተዋት። ሽቶ እንዳትቀቢ አላት፤ የወይኑን ሽታ ይሻማል። ዶሮውን ወደ ጓዳ መልሺው አላት፤ በርበሬው ምላስ ያደነዝዛል። ከአዲሱ ገበያ ራሷ መርጣ የገዛቻቸውን ብርጭቆዎች ወደ ጎን ገፍቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣቸውን፣ እግራቸው የሽመላ እግር የመሰሉትን ደረደረ። ሽሮ ሜዳ የቀሚስ ጥልፍ ስትጠልፍ ዓይኗ የደከመ ሴት፣ ጉለሌ ላይ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና ቁጭ።

ብትጮህበት ደስ ባላት። ግን ዛሬ የጭቅጭቅ ቀን አይደለም። የሮሐ ወዳጅ የኖህ ሽማግሌዎች እሷን ለመጠየቅ ለሦስተኛ ጊዜ ከሸጎሌ እየመጡ ነው። ሁለት ጊዜ የመለሰቻቸው እሷው ናት። በመጀመሪያው "እንምከርበት" አለች፤ ወጉ ነው። የሁለተኛው ግን ወግ አልነበረም፤ ልጅ ተጠየቀ ተብሎ ወዲያው አይሰጥም የሚል ግትርነቷ ነው። ያን ዕለት ሮሐ አላለቀሰችም፣ አላኮረፈችም። የዛሬው ቀጠሮ ሲያዝ ግን "እማዬ፣ የኖህን አጎት አሁንም ከመለስሻቸው ሌላ ጊዜ አይመጡም፤ እኔም ኖህን ድጋሚ ላክ አልለውም" አለቻት። ሠርካዲስ የሮሐን ልቅሶ ትችለዋለች። ረጋ ስትል ነው የምትፈራት። ስለዚህ የዛሬው መልስ እሺ ነው። በቃ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው ገቡ። ፊት የኖህ አጎት ጋሽ ጀቤሳ፣ በሬ ሲነግዱ ያረጁ ረጅም ሰው፤ ቀጥሎ የነፍስ አባታቸው መምሬ ስብሐት፤ ከኋላ አንድ ዝምተኛ ጎረቤታቸው። ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም። ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ አይቀመጥም፣ አይቀምስም።

"የመጣንበትን ታውቂዋለሽ" አሉ ጋሽ ጀቤሳ በምርኩዛቸው ተደግፈው። "መንገዱንም እግራችን ለምዶታል። ዛሬስ ቁጭ እንላለን ወይስ በቆምንበት እንመለስ?"

"ይቀመጡ ጋሼ። ልጅቷ ልጅዎ ናት" አለች። ጥርስ እንደማስነቀል ነበር፤ ግን ወጣ።

መረቁና ተቀመጡ። እንግዲህ የቀረው እሺታውን በመጠጥ ማሰር ነው። ብርሃኔ ክንዱ ላይ ነጭ ፎጣ ጥሎ ተነሣ፤ ጆጉን ዘንበል አድርጎ ለጋሽ ጀቤሳ ቀዳ። ቀዳ ከማለት የብርጭቆውን ቂጥ አራሰው ማለት ይቀላል።

ጋሽ ጀቤሳ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው አዩት። ጠበቁ። ብርሃኔ ወደ መምሬ ስብሐት አልፎ ለእሳቸውም ያችኑ ጠብ አደረገ።

"አለቀ?" አሉ ጋሽ ጀቤሳ።

"አላለቀም ጋሼ፤ ልኩ ይሄ ነው። መጀመሪያ ብርጭቆውን ያዙሩት። ከዚያ ያሽትቱት።"

"ላሽትተው?"

"አፍንጫዎን ወደ ውስጥ አስገብተው።"

"ከመጠጣቱ በፊት ሲያሸት የማውቀው በሬን ነው" አሉና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ፊታቸው ጠቆረ። "ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ እኛ ዘንድ ሙሉ የተቀዳለት እንኳን ደህና መጣህ ተብሏል፤ ጎዶሎ የተቀዳለት ሂድ ተብሏል። እናንተም ዘንድ እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ሁለቴ በአፍሽ መለስሽን፤ ደግ። ሦስተኛውን በብርጭቆ ከምትነግሪን በአፍሽ ብትጨርሺው ይሻል ነበር። ይሄ የሩብ ብርጭቆ እሺታ ነው።" ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሡ።

"ጋሼ፣ የትም አገር ቢሄዱ ወይን ሲቀዳ..." ብሎ ጀመረ ብርሃኔ።

"አንተ ዝም በል" አለችው ሠርካዲስ።

የጓዳው መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። ሮሐ ቆማለች። አሁንም አላለቀሰችም።

ሠርካዲስ ጆጉን ከብርሃኔ እጅ ነጠቀች። የተቀዳችውን ጠብታ ሁሉ ወደ ጆጉ መለሰች፤ ብርሃኔ ዓይኑን ጨፈነ። የራሷን ትልልቅ ብርጭቆዎች አምጥታ አንዱን ሞላች፤ አፉ ላይ እስኪያብጥ ሞላች። ቀጂ ቀድሞ ይቀምሳልና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰችው። ያልበሰለ ሙዝ ምላስ እንደሚይዝ ያዛት። ለዚህ ነው ወይ ዶሮዬ የቀዘቀዘው፣ አለች በልቧ።

ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ጋሽ ጀቤሳ ፊት ጎንበስ አለች።

"ጋሼ፣ ጎዶሎው የዚህ ሰውዬ ትምህርት ነው። ሙሉው የእኔ ነው። ግትር ነኝ፤ ሰፈሩ ያውቃል። እምቢ ማለት ብፈልግ ፈረንጅ ወይን ጀርባ አልደበቅም፤ በር ላይ ነው የምነግርዎት።"

"እሱስ እውነቷን ነው" አሉ መምሬ ስብሐት። "ባለፈው በር ላይ ነው የነገረችን።"

ዝምተኛው ጎረቤት ሳቀ። ጋሽ ጀቤሳ ሴትዮዋን አዩ፣ ብርጭቆውን አዩ፣ ተቀበሉ። ተቀምጠው ግማሹን በአንድ ትንፋሽ አወረዱት። ፊታቸው አልተነቃነቀም፤ ዓይናቸው ብቻ እንባ አቀረረ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"ልጄ፣ ኮካ ይገኝ ይሆን?"

ብርሃኔ ቤቱ እንደተቃጠለበት ሰው ወንበሩ ላይ ወደቀ። ሮሐ ኮካውን ይዛ ስትመጣ እየሮጠች ነበር። ጋሽ ጀቤሳ ጨመሩበት፤ አረፋው ገነፈለ፤ ጠጡና "አሁን ወይን ሆነ" አሉ። የቀሩትም የተሞላላቸውን ብርጭቆ ለኮካው አቀረቡ። ዶሮው ሞቆ ገባ፤ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሠርካዲስ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ብርሃኔ ከጆጉ ትራፊ በባለ ረጅም እግሩ ብርጭቆ ጠብ አድርጎ አቀረበላት።

"አንዴ ብቻ። ለእኔ ብለሽ። አዙሪው፣ አሽትቺው፣ አፍሽ ውስጥ አቆዪው።"

ለመጨቃጨቅ አቅም ስለሌላት አዞረችው። አሸተተች። ቀመሰች። እንደ ቅድሙ ምላሷን ያዛት። አልዋጠችውም፤ ቆየች። ከመጎምዘዙ ኋላ ሌላ ነገር መጣ፦ ዝናብ የመታው የቆዳ ጃኬት። ባሏ ክረምት ክረምት ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ የሚሰቅለው። ዛሬ ለሽማግሌዎቹ መልስ መስጠት የነበረበት እሱ ነው።

"ምን አገኘሽበት?" አለ ብርሃኔ።

"ምንም። ሙላልኝ።"

ወይን እስከ አፉ ሞልቶ የማያውቀው ሰው ጆጉን ገለበጠው። ብርጭቆው ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

"ጎዶሎ ነው" አለችው።

"አንቺው አይደለሽ የጨረሽው?"

"ተወኝ እስቲ" አለችና አፍንጫዋን ወደ ብርጭቆው መለሰች።